ጥለቱ እንዲታይ

ጥር 24፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 10 ሰዓት

ዘጠኝ ቀሰም ክር ጠቀለልኩ። አሥር ሳልሞላ አልነሣም ብዬ ነበር፤ ተነሣሁ። ጣቴ ገና ክር ክር ይላል። ብትቆሽሺ አትቆጪኝ፣ ደብተሬ።

አባዬ ከወዲያ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰድዶ ይሸምናል። መወርወሪያው ሲመላለስ ይሰማኛል። ድምፁ ቀጥ ካለ ክር ተበጥሷል ማለት ነው፤ ያኔ አንቺን የጥጡ ቅርጫት ውስጥ እከትሻለሁ። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። ሰውዬው ማንበብ ለምዶብኛል! መሠረተ ትምህርት ከጨረሰ ወዲህ የሚተርፈው ጽሑፍ የለም። የሳሙና መጠቅለያ፣ የክብሪት ቀፎ፣ የመኪና ጎን። ትናንት የጨው ከረጢት ሲያነብ አገኘሁት። ፊደል በፊደል፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቲቸር ሰናይት (የጂኦግራፊዋ) ከንባብ ቤት አንድ መጽሔት አውጥታ ሰጠችኝ። ወደ ጠፈር የወጣችው የመጀመሪያዋ ሴት ታሪክ አለበት። ስሟን እዚህ አልጽፈውም። የሩቅ አገር ስም ነው፤ በእኛ ፊደል ስጽፈው ይንሻፈፍብኛል። «እሷ» ካልኩ እሷ ናት።

ሦስቴ አነበብኩት። ስሚ! ሰማይ ከመውጣቷ በፊት ምን ትሠራ ነበር? ክር! የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። እናቷም የጨርቅ ፋብሪካ። አባቷን ጦርነት በልቶባት፣ ቀን ክር ላይ ውላ፣ ከሥራ መልስ ተምራ። በዕረፍት ቀኗ ደግሞ ከአውሮፕላን በጃንጥላ ትዘላለች። ከዚያ ሦስት ቀን ያህል፣ ብቻዋን፣ ምድርን አርባ ስምንት ጊዜ ዞረች። ብቻዋን!

ዛሬ በዕረፍት ሰዓት እነአልማዝ ከኋላዬ «ቁጢት በጣሽ» ብለው ሳቁ። የሸማኔ ልጅ ማለታቸው ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንገቴን ደፍቼ አልፍ ነበር። ዛሬ ዞር ብዬ ሳቅሁላቸው። ደነገጡ። ይበላቸው! የክር ሠራተኛ በእነሱ ጣራ ላይ አርባ ስምንቴ አልፋለች፤ እነሱ ገና ደጀንን አላዩም።

ጥር 27፣ ዓርብ። ምሳ ሰዓት

ተመረጥኩ!!! እኔ!

በሴቶች ቀን፣ የካቲት 29፣ የቢቸናና የሞጣ አውራጃ ተማሪዎች ሞጣ ይሰበሰባሉ። ከቢቸና አንድ ተናጋሪ ይሄዳል፤ የእሷን ታሪክ ከነሥዕሏ የምታቀርብ። ከወጣች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። ቲቸር ሰናይት ስሜን ስትጠራ አልማዝ እርሳሷን ጣለች። አይቻታለሁ።

በፊት ግን ሙከራ አለ። እሑድ የካቲት 20፣ በቀበሌው አዳራሽ፣ በሕዝብ ፊት። የቀበሌው ጓ/ሊቀመንበር አይቶ ካልፈቀደ ሞጣ የለም።

ከዚያ ምን ሆነ መሰለሽ። የት/ቤቱ ጸሐፊ ፎርም ሊሞላልኝ ፋይሌን አወጣ። እያነበበ ይገለብጣል። ዕድሜ፣ 19። ክፍል፣ 11ኛ። የአባት ሥራ፣ ገበሬ። ትክክል ነው ወይ አለኝ። አዎ አልኩ። ዐይኔን ሳላሽ።

ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ሰባተኛ ክፍል ስመዘገብ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። ያኔ በየመንገዱ የሚሉኝ አንገብግቦኝ ነበር። አባዬ ፊደል አይለይም። ወረቀቱን ሰጠሁት፤ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመልኝ። በውሸቴ ላይ! ደስ ብሎት ነበር ደግሞ፤ ልጄ ሰባተኛ ገባች ብሎ። ከዚያ ወዲህ ያችን ቃል በየዓመቱ ይገለብጧታል። መሬት የለን፣ በሬ የለን። ገበሬ!

የእሷ እናት ሥራ ግን መጽሔት ላይ ወጥቶ ዓለም ያነበዋል።

ተይው በቃ። የዛሬን ደስታ አላበላሽም። ተመርጫለሁ።

የካቲት 4፣ ዓርብ። ከሰዓት

ለአባዬ ታሪኳን ነገርኩት። ሥራውን አቆመ። ይህ ሰው ለዝናብም ለእንግዳም አያቆምም! ጉድጓዱ ውስጥ እንደተቀመጠ ክንዱን ሸማው ላይ አሳርፎ ሰማኝ። ጥያቄው አያልቅም። ጥጥ ነው ሱፍ? በእጅ ነው በመኪና? ክር ሲበጠስባት ማን ይቀጥላል? እዚያ ላይስ ምን ለብሳ ወጣች? ልብሱን ማን ሠራው? ይህን መጽሔቱ አይልም አልኩት። ቅር አለው። ዋናውን ነገር ትተውታል አለ።

ቀጥሎ፣ ለእናቷ ነግራ ነው የሄደችው? አለኝ። አልነገረችም። የጃንጥላ ዝላይ ልምምድ እሄዳለሁ ብላ ነው የወጣችው፤ እናቷ ወሬውን እንደማንም ሰው ነው የሰማች። አባዬ መወርወሪያውን አነሣና፣ መቼም ልጅ ከወላጁ የሚደብቀው አያጣም አለ።

ቀሰሙ ከእጄ ወደቀ። ዝም ብሎ የተናገረው ይመስለኛል። ይመስለኛል።

የኔታ ደግሞ መጡ፤ ጎረቤታችን፣ የቅኔ መምህሩ፤ ጋቢያቸው ደርሶ እንደሆነ ሊጠይቁ። ስንት ቀን ቆየች አሉ። ሦስት ስላቸው ሳቁ። ዮናስም በዓሣ አንበሪ ሆድ የቆየው ሦስት ቀን ነው፤ እሱ ግን ሸሽቶ ነው የገባ፤ ይች ወዳ መግባቷ ነው አሉ። በነነዌ ጾም ስብከታቸው ሊጠቅሷት ነው። ጓ/ሊቀመንበር እንዳይሰማ!

ሲሄዱ አባዬ ከሣጥኑ አንድ ነጠላ አወጣ። አይቼው አላውቅም። ጥለቱ ሰማያዊ ነው፤ መካከሉ ላይ አንድ ቀጭን ወርቅማ መስመር ይሄዳል። ሰው ያላዘዘው ነው፤ ከራሱ ሐሳብ ያወጣው። ለማን ነው ስለው ለማንም አለ። ከዚያ እንደ ማፈር ብሎ፣ ስትስያት ይችን አልብሻት፤ እዚያ ላይ ብርድ አይጠፋም አለኝ።

አቤት አባዬ! ጥለቱ ከአዳራሹ ጫፍ እንዲታይ አድርጌ እስላታለሁ ብዬ ማልሁለት።

የካቲት 12፣ ቅዳሜ። ረፋድ

ት/ቤት የለም። ከነጋ እየሳልኩ ነው።

ወረቀቱ ትልቅ ነው፤ ከቲቸር ሰናይት ያገኘሁት። የራስ ቁሩ ቀለል ብሎኛል፤ ትልቅ ቅል ማለት ነው። ዐይኗ ግን ሦስቴ ተፍቆ ተሣለ። ቀና ብላ ነው የምታይ። እንደሷ ቀና ብዬ ለማየት ሞከርኩ፤ አንገቴን አመመኝ።

ከዚያ ቸገረኝ። መጽሔቱ ላይ ያለችው እስከ ትከሻዋ ብቻ ናት። ነጠላው ትከሻዋ ላይ ካለቀ ጥለቱ ከወረቀቱ ውጭ ሊቀር ነው! የአባዬ ጥለት! ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ጥፍሬን በላሁ። በኋላ መስተዋቱን ግድግዳው ላይ አቁሜ፣ ነጠላዬን እንደ ሁልጊዜው ለብሼ ፊቱ ቆምኩ። ይኸው! አገጬ ሥር ዙሪያውን አለ። እጥፋቱን አንድ በአንድ ገለበጥኩት። ሰማያዊው የት/ቤት ቀለም፤ ወርቁ እርድ በውኃ። ከአገጯ በታች ያበራል።

ጥሩ ነው። ራሴን ላመስግን፣ ማን ይከለክለኛል፤ በጣም ጥሩ ነው። እማዬ ብታይ ኖሮ ጎረቤቱን ሁሉ ትጠራብኝ ነበር። ግንቦት ላይ ዓመት ይሞላታል።

ለአባዬ አላሳየሁትም። ሁሉም ሰው እዚያው አዳራሽ ነው የሚያየው። ጠቅልዬ አልጋ ሥር።

የካቲት 20፣ እሑድ። ከቀኑ 9 ሰዓት

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ግልግል ነበር።

በቅዳሴ ሰዓት ነው የጠሩን፤ እንደ ልማዳቸው። አዳራሹ ሞልቷል። አባዬ አልመጣም፤ ስብሰባ አይወድም፤ ሰው ሲያየው አይወድም። ሥዕሉን ገለጥኩት። ጭብጨባ ጠበቅሁ።

ዝም።

ከዚያ እማማ ላቀች፣ ከፊት ወንበር፣ «ወይኔ ልጄን! ማን ሞቶባት ነው?» ብለው ደረታቸውን መቱ። እማማ ላቀችን ታውቂያቸዋለሽ፤ በዚህ ከተማ ያለሳቸው ለቅሶ አይደምቅም። ከኋላ ሌላዋ ተቀበለች። ሴቶቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን መዘቅዘቅ ጀመሩ። እናቷ ናት ይላል አንዱ። ምን እናቷ፣ ከወዳጅ አገር ትልቅ ሰው ሳይሞት አይቀርም ይላል ሌላው። እኔ እንደ ግንድ ቆሜያለሁ። ዞሬ ሥዕሉን አየሁት።

ያኔ ገባኝ። ዘቅዝቄ ነው ያለበስኳት። ጥለቱን ወደ ላይ፣ አንገቷ ላይ፤ ሐዘን እንደተቀመጠች ሴት። ሸማኔ ወልዶኝ! ጥለት ወዴት እንደሚወርድ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል! ዘጠኝ ወር ሙሉ የምለብሰው እንዲህ ስለሆነ ዐይኔ ለምዶታል። መስተዋቱ ያሳየኝ እሷን አይደለም፤ እኔን ነው።

አፌን ሳልከፍት ጓ/ሊቀመንበር ብድግ አለ። ኮፍያውን አወለቀ። ጆሮው ቀልቷል። ወሬው ለሁሉ ደርሶ ለእሱ ብቻ ያልደረሰው መስሎት ይሆናል። የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እናድርግ አለ። ሕዝቡ ተነሣ። ደብተሬ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ! ማንም ላልሞተ ሰው!

ሲያበቃ በለሆሳስ፣ ማን እንደሆኑ አስታውቂን አለኝ። ማንም አልሞተም አልኩ። ከኋላ አንዱ ፈነዳ። ከዚያ ሁሉም። ሳቁ ሲበርድ ጓ/ሊቀመንበር ኮፍያውን በእጁ ጨምድዶታል። ማክሰኞ ከነፋይሏ ቢሮ ትቅረብ። ሥዕሉ ተያዘ። ሞጣም ተያዘ ማለት ነው።

ከነፋይሏ ነው ያለው።

የካቲት 22፣ ማክሰኞ። ከሰዓት

የነነዌ ሁለተኛ ቀን። ጾም ላይ ነኝ።

ቢሮው ውስጥ ጓ/ሊቀመንበር፣ የት/ቤቱ ጸሐፊ፣ ቲቸር ሰናይት። ሥዕሌ ግድግዳው ተደግፎ። አሉባልታ መንዛት፣ ሕዝብን በሐሰት ማስለቀስ፣ ማን አስደረገሽ? አለ ጓ/ሊቀመንበር። ቲቸር ሰናይት የልጅ ስህተት ነው አለች። የልጅ ስህተት የቀበሌ ሊቀመንበርን ኮፍያ አያስወልቅም አላት።

በሩ ተንኳኳ። አባዬ!

ማንም አልጠራውም። ፀጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ ነው የመጣው። ቢሮ ገብቶ አያውቅም እኮ! እጅ ነሣና ማንንም ሳያናግር ሥዕሉ ፊት ቆመ። ገና ማየቱ ነው። ቆየ። ከዚያ ለጓ/ሊቀመንበር ተረጋግቶ ነገረው። ሰው አልሞተም፤ ነጠላው የተጣለበት ትከሻ ተገልብጧል፤ እንዲህ የሚያሳይ መስተዋት ብቻ ነው። ልጅቱ ራሷን አይታ ነው የሣለች። የምታዝነውም እናቷን ነው አለ።

ቲቸር ሰናይት ዐይኗን ጠረገች። ጓ/ሊቀመንበር ደግሞ፣ አንተ ማነህ?

አባቷ ነኝ።

ጸሐፊው ፋይሉን ገለጠ። የአባት ሥራ፣ ገበሬ ይላል አለ። አንተ የምታርስ ነህ?

አባዬ ወደ እኔ አልዞረም። አንዴ እንኳ። እጁን አየ፤ ጣቶቹን። ከዚያ፣ «ሸማኔ ነኝ» አለ። ታዲያ ይህን ማን አጻፈ ሲለው አፌን ከፈትኩ። እምልሻለሁ፣ ከፍቼ ነበር። አባዬ ቀደመኝ። ያን ጊዜ ጨለማ ነበርኩ፤ የተጻፈውን ሳላውቅ ያተምኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው አለ። አሁን ግን አነባለሁ አለ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን መፈክር ከላይ እስከ ታች አነበበለት። ፊደል በፊደል። ሁላችንም እስኪጨርስ ጠበቅን።

ጓ/ሊቀመንበር ለሰለሰ። መሠረተ ትምህርቱን ያስተማረው የእሱ ቀበሌ ነዋ። ሥዕሉ ይታረም፤ የአባት ሥራም ሞጣ ስትመዘገብ ይስተካከል አለ። በመጨረሻ ያችን የስብሰባ ሁሉ ተረቱን ተረተ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። አባዬ፣ ዕድሜውን ድር ሲያደራ የኖረው ሰው፣ አዲስ ነገር እንደሰማ ራሱን ነቀነቀ።

ሞጣ እሄዳለሁ። መደሰት ነበረብኝ።

ዝም አልኩ፣ ደብተሬ። ጥፋቴን ሲሸከምልኝ አፌን ከፍቼ ዝም።

የካቲት 23፣ ረቡዕ። ጾሙን ፈተን

ከትናንት ጀምሮ አላናገረኝም። ቁጣ አይደለም። ቢቆጣ ደስ ባለኝ። ቀሰም አቀብለዋለሁ፣ ይቀበለኛል። ውኃ እሰጠዋለሁ፣ ይጠጣል።

ከበላን በኋላ መጽሔቱን አምጪ አለኝ። የእሷን ገጽ ፈልጎ ጣቱን አሳረፈበት። እናቷ የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ እንደነበረች የሚለው መስመር ላይ። ድምፁን አውጥቶ አነበበው። ሦስት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ ሳይደናቀፍ ወጣለት። አጥፎ መለሰልኝ፤ ተነሥቶ ወደ ጉድጓዱ ገባ።

በጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 26፣ ቅዳሜ። ጠዋት

ሥዕሉን ምን እናድርገው ብዬ ስቆዝም አባዬ አየኝ። ጥለቱ ተፍቆ አይለቅም፤ እርዱ ወረቀቱ ውስጥ ገብቷል። ሌላ ትልቅ ወረቀት የለም። ጨርቅ ሲያጥር ምን እናደርጋለን አለኝ። ከሦስት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ንግግሩ! እንቀጥላለን አልኩ። እና ቀጥይው አለ።

ሁለት ቁራጭ ወረቀት ከሥር በመርፌና በክር ሰፋልኝ። ስፌቱ አይታይም፤ እጁ ነዋ። አንገቷ ላይ ያለውን ጥለት በነጭ ቀለም ሸፈንኩት። አሁን እሷ ትከሻ ብቻ አይደለችም፤ ደረት አላት፣ ወገብ አላት። ነጠላው ተንዠርግጎ ይወርዳል፤ ጥለቱ ታች፣ በቦታው። ቁመቷ ከእኔ በለጠ። አባዬ ራቅ ብሎ አየና፣ አሁን ደኅና ለበሰች አለ።

የእኔን ነጠላ በዐይኑ ጠየቀኝ። እስከ ግንቦት አልኩ። እሺ አለ። እሷ ደስታ ላይ ትሁን፤ እኔ የእማዬን ሳልጨርስ አልገለብጥም።

ሞጣ ትመጣለህ ወይ አልኩት። የየኔታ ጋቢ አልደረሰም አለ። ይቅርታ የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥታ ተመለሰች። ምን አለባት ብትወጣ!

የካቲት 29፣ ማክሰኞ። ሞጣ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት

በችኮላ ነው የምጽፍ፤ አዳራሹ ውስጥ ነኝ፤ ጉልበቴ ላይ ነሽ።

ትናንት ሊነጋጋ ሲል መኪናው ጋ ስደርስ አባዬ ቀድሞኝ ቆሟል። ጋቢውን ለብሶ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ሥዕሉን እንደ ታቦት ተሸክሞ። የየኔታ ጋቢስ? ስለው፣ የኔታ ሂድ ብለውኛል አለ። ጭነቱ ላይ ተሳፈርን። እስከ ደብረ ወርቅ አቧራ በላን፤ ከዚያ ወዲያ ነፋስ። መንገድ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ አነበበልኝ። ዳገት ላይ መኪናው ሲያቃስት፣ ለመሆኑ ስትወጣ ፈርታ ይሆን? አለኝ። ፈርታ ይሆናል፤ ግን ወጣች አልኩት።

ዛሬ በር ላይ መዝጋቢው መዝገቡን አዞረልኝ፤ ራሳችሁ ሙሉ። ስም፣ ጻፍኩ። ክፍል፣ ጻፍኩ። የአባት ሥራ። ከኋላዬ ሞጣዎች፣ ደብረ ወርቆች፣ መርጡለ ማርያሞች ተሰልፈዋል። አልማዝም አለች፤ ለጭብጨባ ነው የመጣችው። የአባዬ ትንፋሽ ትከሻዬ ላይ አለ። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ይሰማኛል።

«ሸማኔ» ብዬ ጻፍኩ።

ጮክ ብሎ አነበበው፤ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ። ሸ። ማ። ኔ። ትንሽ አሰበና፣ ፊደሉ አነሰ፤ አጉልተሽ ጻፊው አለኝ።

ደግሜ በላዩ ላይ ጻፍኩበት። ብዕሩ ወረቀቱን ሊቀደው ምንም አልቀረው። ሳቀ! እማዬ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም።

ሥዕሉ መድረክ ላይ ተሰቅሏል። እዚህ ኋላ ሆኜ ጥለቱ ይታየኛል። አባዬ ከፊት ነው የተቀመጠ፤ ፊት ለፊት፣ መሃል ላይ። አስቀምጡኝ አላለም፤ ራሱ ሄዶ ተቀመጠ።

ይቅርታዋ ግን እስካሁን ከአፌ አልወጣችም። አንቺ ውስጥ ናት፤ ጥር 27 ላይ፣ ከነጥፋቷ።

ስሜን ጠሩ። ደብተር ይዤ መድረክ አልወጣም። በፊት በኩል ነው የማልፈው። ለአባዬ አስይዤሽ ልወጣ ነው፣ ገጹን ገልጬ።

ማንበብ ይችላል። ያንብብ።